ከሆህ ደን የተረፈኝ፦ እርጥብ ጂንስ እና አንድ የወደቀ ግንድ

ከተነሣን ሁለት ሰዓት ሊሞላን ነው። የሄድነው ግን 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ እህቴ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብላ አንድ የበሰበሰ ግንድ ታያለች።

«በቃ እንሂድ?» አልኳት።

«አንተ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

ማንም አያባርረኝም ነበር። የሚያባርረኝ ስልኬ ላይ የጻፍኩት ዕቅድ ነው። ፋይቭ ማይል አይላንድ የሚባል ቦታ ድረስ 8 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ እዚያ ምሳ መብላት፣ 8 ኪሎ ሜትር መመለስ። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። «ሜዳ ከሆነማ ምን አላት!» ብዬ ነበር። አልደረስንም። ይህን የምጽፈው እዚያ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ የኔን ስህተት እንዳትደግሙ ነው፤ በተለይ የልብሱን ነገር። እሱን እመጣበታለሁ።

ሆህ የሚባለው ደን አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በምዕራብ በኩል ነው ያለው። የዝናብ ደን ሲባል ቶሎ የሚታወሰን አማዞን ነው፦ ሙቀት፣ ወበቅ፣ ትንኝ። ይሄኛው ቀዝቃዛው ዓይነት ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር የኦሊምፒክ ተራሮች ሲገጥሙት ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውን ውሃ እዚሁ ያራግፋል። በዓመት 3,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አብዛኛው የሚወርደው ከኦክቶበር በኋላ ባሉት ወራት ነው። እኛ የሄድነው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነበር። «ገና ነው፣ አይዘንብም» ብዬ የተናገርኩት ማታውን ነው። እህቴ እስካሁን ታነሣብኛለች።

ከሲያትል በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። በአንድ ቀን ሄዶ መመለስ ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን ስምንት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ደኑ ውስጥ ሦስት ሰዓት መሆን ምን ጣዕም አለው? እኛ ፎርክስ የምትባል ትንሽ ከተማ አድረን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአንድ መኪና 30 ዶላር ከፈልን፤ ለ7 ቀን ያገለግላል። ፓርኪንጉ ትንሽ ነው። በአሜሪካ የበጋ ወራት፣ ጁላይና ኦገስት አካባቢ፣ ከሞላ አንድ መኪና ሲወጣ አንድ ይገባል፤ በር ላይ ሁለት ሰዓት መሰለፍም አለ። ማልዳችሁ ድረሱ። መንገዱ ክፍት መሆኑንም ሳታጣሩ አትነሡ። ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ ይሄው አንድ ነው፤ በዲሴምበር 2024 ጎርፍ ቆርጦት እስከ ሜይ 2025 ተዘግቶ ነበር።

ከዋናው አውራ ጎዳና ከታጠፋችሁ በኋላ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተመልከቱ። ከፓርኩ ውጭ ያለው ተቆርጦ እንደገና የተተከለ ደን ነው። ዛፎቹ ሁሉ እኩያ ናቸው፤ በመቀስ የተስተካከለ ጸጉር ይመስላሉ። በሩን ስታልፉ ሥርዓቱ ይፈርሳል። አንዱ ዛፍ ሰማይ ጠቀስ፣ አንዱ ጉልበት የማይደርስ፣ አንዱ ቆሞ የሞተ፣ አንዱ ተገንድሶ የተጋደመ። መሐል መሐል ላይ ትልቅ ዛፍ ወድቆ የከፈተው የብርሃን መስኮት አለ። ጥንታዊ ደን ሲባል ትልልቅ ዛፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ነገር ዝብርቅርቁ ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ሬሳውም አንድ ቤት ይኖራሉ።

መነሻው ላይ ሁለት አጫጭር ዙር መንገዶች አሉ። ሆል ኦፍ ሞሰስ የሚባለው 1.3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስፕሩስ የሚባለው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሦስተኛው የሆህን ወንዝ ተከትሎ ወደ ላይ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ መጨረሻው የበረዶ ግግር አጠገብ ነው። እኛ የያዝነው የዚህን ጅማሬ ነው። ሆል ኦፍ ሞሰስን «ስንመለስ እናየዋለን» ብዬ አሳለፍኩት። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው። ጠዋት ማንም አልነበረበትም። ስንመለስ እንደ ገበያ ሆኖ ጠበቀን። እናንተ በእሱ ጀምሩ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አሁን ወደ ግንዱ ልመለስ።

መንገዱ ከወንዙ ጋር መጀመሪያ የሚገናኝበት ቦታ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ግንዱ ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ መንገዱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተጋድሟል። ተጋድሞ እንኳ ወገቤ ድረስ ይመጣል። ሁለት አውቶቡስ ተከታትለው ቢቆሙ ያክላል። ከላይ እስከ ታች ሞስ ለብሷል። ሞስ ያልኩት ድንጋይና ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው። እህቴ ጣቷን ቀስ አድርጋ ብታሳርፍበት እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰመጠ። ስታወጣው ጉድጓዱ ውሃ ቋጠረ።

«ና ቁጠር» አለችኝ። ቁጢጥ አልኩ። ምንጣፉ ላይ ከክብሪት እንጨት የማይረዝሙ ችግኞች ቆመዋል። የሄምሎክ ዛፍ ናቸው። ቅጠላቸው አረንጓዴ መርፌ ነው፤ አንዱ ጫፍ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥላለች፤ ችግኙ ለእሷ ጎንበስ ብሏል። በአንድ ስንዝር ቦታ ላይ 23 ቆጠርኩ። ከዚያ መሬቱን አየሁ። ከግንዱ በታች ያለው መሬት ፈርን በሚባለው ላባ መሰል ቅጠልና በሞስ ተሸፍኗል። አንድም የዛፍ ችግኝ የለበትም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እዚህ ደን መሬት ላይ የሚወድቅ ዘር ዕድሉ ጠባብ ነው። ሞሱና ፈርኑ ይውጡታል፣ ብርሃን አያገኝም። የወደቀ ግንድ ላይ ያረፈ ዘር ግን ከፍ ያለ ቦታ አገኘ። ግንዱ ሲበሰብስ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፣ ምግብም አለው። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ግንድ ሕፃን ከምታሳድግ ሴት ጋር አመሳስሎ ይጠራዋል፤ እኔና እህቴ «ሞግዚት ግንድ» አልነው። ትልቅ ዛፍ ወድቆ በስብሶ እስኪያልቅ መቶ ዓመታት ይወስድበታል። ያን ሁሉ ጊዜ ሞቶም ሞግዚት ነው።

ይሄን ካየሁ በኋላ የቀረው ደን ሌላ ሆነብኝ። ትንሽ እንደሄድን ግዙፍ ዛፎች በአንድ መስመር ቆመዋል። ስምንት ናቸው። ሰው የተከላቸው ነው የሚመስሉት። ሁሉም የወጡት ከአንድ ግንድ ጀርባ ላይ ነው፤ ሥራቸውን በግራና በቀኝ ወደ መሬት ሰድደው አደጉ። ከዚያ ግንዱ በስብሶ አለቀ። አሁን ሥሮቻቸው እንደ እግር ቆመው ከሥራቸው ባዶ ነው። አንዱ ዛፍ ሥር ያለው ክፍተት ሕፃን ልጅ ያስቀምጣል። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው አስቡ፤ ፈረሱ ሄዶ ሰውየው እንደተቀመጠ ቢቀር።

ዛፎቹን መለየት መንገዱን ያጣፍጠዋል። ትልልቆቹ በብዛት ሁለት ናቸው። ቅርፊቱ እንደ ድንች ጥብስ ክብ ክብ እየሆነ የሚላጠውና መርፌው የሚዋጋው ሲትካ ስፕሩስ ነው። እዚህ ከ70 ሜትር በላይ የሚቆም አለ። መርፌው አጭርና ለስላሳ፣ የአናቱ ጫፍ የተሰበረ ይመስል ዘንበል ያለው ደግሞ ሄምሎክ። ሦስተኛው ቅጠሉ ሰፊ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ አረንጓዴ ጢም ያበቀለ፦ ሜፕል።

ሜፕሉን ሳይ «ምስኪን፣ በልተው ጨረሱት» ነበር ያልኩት። ለካ ሞሱ ዛፉን አይበላም። ከዝናቡና ከአየሩ ነው የሚኖረው፤ ዛፉ ማረፊያው ብቻ ነው። እንዲያውም ዛፉ ተጠቃሚ ነው። ናሊኒ ናድካርኒ የምትባል ተመራማሪ እዚህ ኦሊምፒክ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ እየወጣች ሞሱን ስትገልጥ ሜፕሉ ከቅርንጫፉ ሥር አውጥቶ ከሞሱ በታች በተጠራቀመው አፈር ውስጥ ሰድዶ አገኘችው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተመችው። አናት ላይ ሥር! ከዚያ ወዲያ ቀና እያልኩ አንገቴ እስኪደነዝዝ ፈለግሁ። ከመሬት አይታይም፤ አትድከሙ።

መሬት ላይ የሚታይ ግን አለ። ነፋስ በነበረ ማግሥት መንገዱ ላይ የሰላጣ ቅጠል የመሰለ፣ ከላይ አረንጓዴ ከታች ገርጣ ያለ ነገር ወድቆ ታያላችሁ። ላይከን ነው፤ ፈንገስና አልጌ አንድ ላይ የሚኖሩበት ነገር። ዛፍ አናት ላይ ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛል፤ ሲወድቅና ሲበሰብስ ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሆናል። እኔ ሁለት ሦስቱን ቆሻሻ መስሎኝ በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ አልፌያቸዋለሁ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጠል መሰለ። አምስት ተኩል ላይ ዝናብ ሆነ።

የለበስኩትን ልንገራችሁ፦ ጂንስ ሱሪ፣ የጥጥ ቲሸርት፣ በላዩ የጥጥ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ሻጩ «ውሃ የሚባል አያስገባም» ያለኝ ጃኬት። ጃኬቱ 40 ደቂቃ ቻለ። በኋላ ጃኬቱ ላይ የተሰፋውን ጽሑፍ አገላብጬ ሳነብ የተጻፈው ውሃ «ይከላከላል» ነው እንጂ «አያስገባም» አይልም። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ እዚህ ደን ውስጥ ልዩነቱ በአጥንታችሁ ይገባችኋል። ከጃኬቱ የወረደው ውሃ ደግሞ ሁሉ ጂንሱ ላይ ነው። እርጥብ ጂንስ እንደ ጭቃ ይከብዳል፣ አይደርቅም፣ እግርን እንደ ቀዝቃዛ ፋሻ ይይዛል።

እየሄድኩ ምንም አልተሰማኝም። 5 ኪሎ ሜትር አለፍ ብለን ለምሳ ስንቀመጥ ነው ጉዱ የመጣው። የመረጥነው ቦታ ምክንያት ነበረው። ጎርደን ሄምፕተን የሚባል የተፈጥሮ ድምፅ የሚቀርጽ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 እዚህ አካባቢ ሞስ የለበሰ ግንድ ላይ ትንሽ ቀይ ድንጋይ አኑሮ «አንድ ካሬ ኢንች ጸጥታ» ብሎ ሰየመው። አንዲት ነጥብ ከሰው ሠራሽ ድምፅ ነጻ ከሆነች ዙሪያዋም ነጻ ይሆናል የሚል ሐሳብ ነው። ድንጋዩን አልፈለግንም። ዝም ብለን አሥር ደቂቃ ልንቀመጥ ተስማማን። መጀመሪያ ጸጥታ ነው ትላላችሁ። ከዚያ ጠብታው ይለያያል፦ ቅጠል ላይ የሚያርፈው፣ ሞስ ላይ የሚሰምጠው፣ ጃኬቴ ላይ የሚጮኸው። ወንዙ ከሩቅ። አንዲት የአውራ ጣት ያህል ወፍ፣ ከገላዋ አሥር እጥፍ በሚበልጥ ድምፅ። በስምንተኛው ደቂቃ ጄት አለፈ። የባሕር ኃይል አውሮፕላኖች እዚያ ሰማይ ላይ ይለማመዳሉ። እህቴ ሳቀች። እኔ ልስቅ ስል ጥርሴ ተንገጫገጨ።

ምሳዬን የያዝኩበትን የፕላስቲክ ከረጢት ልከፍት ሞከርኩ። ጣቶቼ እምቢ አሉ። እንደገና ሞከርኩ። የከረጢቱን ጫፍ አያለሁ፣ ጣቴን አዘዋለሁ፣ ጣቴ ግን የሌላ ሰው ነው።

«እጅህን አሳየኝ» አለች። አሳየኋት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፣ አዘዘችኝ። «ተነሥ። ሹራቡን አውልቅ። ቲሸርቱንም።» ቦርሳዋ ውስጥ በላስቲክ የጠቀለለችው የሱፍ ሹራብ ነበራት። እጅጌው ክርኔን ትንሽ አልፎ ቀረ። ኮፍያዋን ደፋችልኝ። ለውዙን በአፌ ሞላሁ። «አሁን ሂድ» አለች፤ ጀርባችንን ለፋይቭ ማይል አይላንድ ሰጥተን ወደ መጣንበት ተመለስን። በእግር 20 ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ጣቶቼ ተመለሱ። ሲመለሱ ያማሉ።

ቀኑ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር። በረዶ የለም፣ ነፋስም የለም። ሰው በብርድ የሚጎዳው በረዶ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እርጥብ ልብስ ከደረቅ ልብስ በብዙ እጥፍ ሙቀት ይወስዳል፤ ጥጥ ደግሞ ውሃ ከጠጣ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ሱፍና ፖሊስተር እርጥብም ሆነው ትንሽ ያሞቃሉ። ስለዚህ ጥጥ የሚባል አትልበሱ፤ ካልሲም ቢሆን። በደንብ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ያዙ። አንድ ደረቅ የላይ ልብስ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ሥር አኑሩ፤ እስኪያስፈልግ አትንኩት። አብሯችሁ ያለ ሰው ከተንቀጠቀጠ፣ ዕቃ ከእጁ ከወደቀበት፣ ንግግሩ ከተጎተተ፣ «ደህና ነኝ» ሲል አትመኑት። እኔ ሦስት ጊዜ «ደህና ነኝ» ብያለሁ።

ሌላው ቶሎ ቶሎ ይነገር። ስልክ አይሠራም፤ ካርታ ቀድማችሁ አውርዱ። እርጥብ ሥርና የእንጨት ድልድይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጭቃ ሲያጋጥማችሁ ዳር ዳሩን አትሂዱ፤ በመሐሉ እለፉ፤ ዳሩን የረገጠ ሁሉ መንገዱን ያሰፋል፣ ችግኙንም ይፈጀዋል። ብርቱ ነፋስ ካለ ቀኑን ቀይሩ፤ ከዚያ ቁመት የሚወርድ ቅርንጫፍ ቀልድ አይደለም። የወንዙ ውሃ ወተት የተቀላቀለበት የመሰለው የበረዶ ግግሩ ድንጋይ ሲፈጭ የሚወጣው ዱቄት ነው፤ ሳታጣሩ አትጠጡ። ውሻ በእግር መንገዶቹ ላይ አይፈቀድም፣ ድሮንም እንደዚያው። የምትመለሱበትን ሰዓት ከመነሣታችሁ በፊት ቁረጡ፤ ከዛፎቹ ሥር ውጭ ካለው ቀድሞ ይመሻል። እግራችሁ ሥር ቢጫ፣ ሙዝ የመሰለ፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ታገኛላችሁ። እሱ የሚያልፈው በራሱ ሰዓት ነው፤ ተሻገሩት።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ደኑ ግን መዝነቡን አላቆመም። ዛፎቹ የያዙትን ውሃ ቀስ እያሉ ነው የሚለቁት። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ እኛ ከሥር አንድ ሰዓት ተጨማሪ ዘነበብን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ እህቴ ክንዴን ያዘች። ጠጠሩ ላይ ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ቆመዋል። ሰባት ሴቶችና አንድ ወንድ። የሩዝቬልት ኤልክ ይባላሉ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ይህን አገር ጥብቅ ሥፍራ ያደረገው በዋናነት ለእነሱ ሲል ነው። የደኑ ወለል ክፍት ሆኖ የምታዩት እነሱ ቁጥቋጦውን ስለሚግጡት ነው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር የመራቢያቸው ጊዜ ነው፤ ወንዱ ቁጡ ይሆናል። የፓርኩ ደንብ ቢያንስ 46 ሜትር ራቁ ይላል። እኛ ከዚያም ራቅን። ወንዱ ራሱን ቀና አድርጎ ጮኸ። ከዚያ ግዙፍ ገላ ግሣት ነበር የጠበቅሁት። የወጣው ቀጭን ረዥም ፉጨት ነው፤ የበር ማጠፊያ ዘይት ሲያጣ እንደሚያሰማው።

መኪናው ጋ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሆል ኦፍ ሞሰስ መግቢያው ላይ ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል። በእርጥብ ጂንስ አልገባሁበትም። ሱሪዬን ቀይሬ ማሞቂያውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። እህቴ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ታገላብጣለች። ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ግንዱ። ግንዱ ከጎን። ግንዱ ከላይ። ጠብታዋ የተንጠለጠለችበት ችግኝ፣ አሥራ አንድ ጊዜ።

«የኔስ ፎቶ?» አልኳት።

«አንተማ አልቆም ብለህ» አለች። ቀጥላም «እዚህች ጋ አለህ» ብላ አሳየችኝ። ከግንዱ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ ብዥ ብዬ ሰዓቴን አያለሁ።